የድሮ ስታዲየም ጨዋታዎችን ከካሴት ለመገልበጥ፦ ኢዚካፕ ምን ያህል ያዋጣል?

በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ያነሣችበትን የመሰለ ጨዋታ ከቴሌቪዥን የቀዳ ካሴት ቤት ውስጥ ካለ፣ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አለበት። ስታዲየሙ በእድሳት መልኩን ቀይሯል፤ የያኔው ሜዳና ተመልካች ያለው ካሴቱ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ ርካሹ ዕቃ ኢዚካፕ የሚባለው በዩኤስቢ የሚሰካ ገመድ ነው። ለኳስ ጨዋታ ይበቃል፣ ግን የቀረጻ ምርጫዎቹን በትክክል ካስተካከሉ ብቻ።

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ሲገዙ ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱ። በአንድ ስም የሚሸጠው ዕቃ ውስጡ ያለው ቺፕ ይለያያል፤ አንዳንዱን አዲሱ ዊንዶውስ አያውቀውም። ምስል ሳያዩ አይክፈሉ።

ከካሴት ማጫወቻው (ከዴኩ) ቢጫው ለምስል፣ ነጩና ቀዩ ለድምፅ ይሰካሉ። ዴኩ አንድ የድምፅ ቀዳዳ ብቻ ካለው ነጩን ይጠቀሙ። ኦቢኤስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ የምስል ሥርዓቱን ፓል ቢ፣ መጠኑን 720 በ576 ብለው ይምረጡ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከተንከባለለ ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሌላ ሥርዓት ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። የፓል ካሴት በሴኮንድ 50 ግማሽ ምስል ይይዛል። በ25 ከቀዱት ግማሹ እንቅስቃሴ ይጠፋል፤ የፍጹም ቅጣት ምት ኳስ ከእግር ተነሥታ መረብ ውስጥ ትገኛለች፣ መሀሉ የለም። ስለዚህ ፍጥነቱን 50፣ ግማሽ ምስሎቹን ሙሉ የሚያደርገውን ምርጫ (ዲኢንተርሌሲንግ) ያዲፍ 2ኤክስ ያድርጉት። የፋይሉ ዓይነት ኤምኬቪ ይሁን፤ መብራት ቢጠፋ እስከዚያ የተቀዳው አይበላሽም።

በሴኮንድ በ8 ሜጋቢት ከቀዱ የ3 ሰዓት ካሴት 11 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ፋት 32 ሆኖ የተፎረመተ ፍላሽ ግን አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፤ 70ኛው ደቂቃ አካባቢ ይቆማል፣ መለያ ምቱም ይቀራል። ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት።

የዕቃው እውነተኛ ድክመት የተለጠጠ ካሴት ላይ ይታያል፦ ምስሉ ሲናወጥ ፍሬም ይዘላል፣ ድምፁም ከምስሉ ይለያል። ዴኩን በዲቪዲ መቅጃ በኩል አሳልፎ ማገናኘት አንዳንዴ ይረዳል፤ ኢዚካፑን በዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ግን ያባብሰዋል። ከታች የምትታየው የተንቀጠቀጠች መስመር የቪኤችኤስ (የተለመደው ትልቁ የቪዲዮ ካሴት) ጠባይ ናት፣ ቆርጦ መጣል ነው።

ሐይቅ ዳር ላለ ቤት እርጥበቱ ያሰጋል። በካሴቱ መስኮት በኩል የጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ከታየ ሻጋታ ነው፤ አያጫውቱት፣ የዴኩን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሻል፣ ወደ ሌላውም ካሴት ይተላለፋል። ንጹሑን ካሴት መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አዙረው መልሱት። ሄዱን አልኮል በነካ ለስላሳ ቆዳ እንጂ በጥጥ አይጥረጉ፤ ክሩ ይቀራል።

ሐዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን በግል ካሜራ የተቀረጸ ሚኒ ዲቪ ካሴት ላለው ሰው ግን ይህን ዕቃ አንመክርም። እሱ አስቀድሞ ዲጂታል ስለሆነ በፋየርዋየር ገመድ ጥራቱ ሳይጓደል ይገለበጣል።