የጎደለውን በምን እንተካው? ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የኬክ ግብዓት መሸጫ ሲመዘን

ደሴ ውስጥ ቤቱ ኬክ የሚጋግር ሰው የሚቸገረው በፉርኖ ዱቄትና በስኳር ሳይሆን በጥቃቅኖቹ ነው። ቤኪንግ ፓውደር አንድ ሰሞን በየሱቁ ይገኝና ሌላ ሰሞን ይጠፋል፤ የጾም ወቅት ሲገባ ደግሞ እንቁላሉና ቅቤው ራሳቸው ከአሠራሩ ይወጣሉ። ፒያሳ አካባቢ ያለውን ይህን ትንሽ መሸጫ ከሌሎቹ የሚለየው የተጠየቀው ዕቃ ሲጠፋ ደንበኛን «የለም» ብሎ አለመሸኘቱ ነው። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ሲሆኑ፣ የጠፋው በምን እንደሚተካ ሳይሰለቹ ያስረዳሉ፤ ከባንኮኒው ጀርባም በእጅ የተጻፈ የመተኪያዎች ዝርዝር ለጥፈዋል። ሱቁ መመዘን ያለበት ከመደርደሪያው ይልቅ በዚህ ምክሩ ነው ብዬ ስለማምን፣ ዝርዝሩን ይዤ ቤቴ ሞክሬዋለሁ።

ከምክሮቹ ሁሉ የላቀው «በተርሚልክ» የተባለውን ኮምጠጥ ያለ የወተት ውጤት የሚጠይቁ የኬክ አሠራሮችን የሚመለከተው ነው። ብዙዎቹ የውጭ አገር አሠራሮች በተርሚልክ ሲጠፋ ወተት ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ ጨምሮ ጥቂት ማቆየትን ያዛሉ። እኚህ ሴት ግን «ልጄ፣ ቤትሽ አሬራ እያለ ወተቱን ለምን ታበላሺዋለሽ?» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ኮምጣጣ በመሆኑ ከሶዳ (ቤኪንግ ሶዳ) ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ሊጡን የሚያነሣውም ይኸው ጋዝ ነው። እርጎም ያገለግላል፤ ወፈር ካለ ግን በጥቂት ውሃ መቅጠን ይኖርበታል። ባለቤቷ ያላነሡት አንድ ነገር የዕቃው ጢስ ነው፦ በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ የተናጠ አሬራ ሽታውን ለኬኩ ያወርሰዋል። ቀረፋና ቅርንፉድ ባለበት ኬክ ውስጥ ይህ ያምራል፤ ቫኔላ ብቻ በገባበት ኬክ ውስጥ ግን ቫኔላውን ውጦ ጢሱ ብቻውን ይቀራል።

አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር በሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳና በግማሽ የሻይ ማንኪያ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይተካል የሚለውም ትክክል ነው። ዝርዝሩ የዘነጋው ጊዜን ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ቤኪንግ ፓውደር አብዛኛው ሁለት ጊዜ የሚሠራ ነው፤ መጀመሪያ ሲርስ፣ ቀጥሎ ምድጃ ውስጥ ሙቀት ሲያገኘው። የሶዳና የአቼቶው ውሕድ ግን ጋዙን ወዲያውኑ ስለሚለቅ፣ ምድጃው ቀድሞ ካልጋለና መጋገሪያው ቀድሞ ቅቤ ካልተቀባ ሊጡ ተራውን ሲጠብቅ ይተነፍሳል።

ከዚህ የሚብሰው ግድፈት የከፍታው ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ጋዙ ከመጠን በላይ ይሰፋል፣ ኬኩም ፈጥኖ ይነፋና ሳይበስል መሐሉ ይሰምጣል። ውሃም እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ በተጻፈ አሠራር የሚጋግር የደሴ ሰው ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ወይም የተካውን ሶዳ፣ ሩብ ያህል ቀንሶ ፈሳሹን ትንሽ ከፍ ቢያደርግ ይሻለዋል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ የምትፈልገው ቅነሳ ከዚህ ያነሰ ነው። ከኮምቦልቻ ድረስ እየመጡ የሚገዙ ደንበኞች ያሉት ሱቅ ይህን ልዩነት በአንድ መስመር እንኳ ቢያስቀምጥ መልካም ነበር።

ለጾም ኬክ በአንድ እንቁላል ፋንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ለውሶ እስኪያዝ ማቆየት ጥሩ ምክር ነው፤ ብቻ ለመጠጥ ተብሎ ጠቆር እስኪል የተቆላው ተልባ ቀለሙንም ጣዕሙንም ስለሚጭን ጥሬውን ወይም ለስለስ ተደርጎ የታመሰውን መውሰድ ነው። ተልባ ያያይዛል እንጂ አየር አይዝም፤ በተመታ እንቁላል ብቻ ለሚነሣ ስፖንጅ ኬክ አይሆንም። ለዚያ የሚቀርበው ሽንብራ የተቀቀለበት ወፍራም ውሃ ነው፤ በደንብ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ይሠራል። ዝርዝሩ ላይ ግን የለም።

ፈጽሞ ስሕተት ሆኖ ያገኘሁት «የገበታ ቅቤ በእኩል ዘይት ይተካል» የሚለውን ነው። የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ገደማው ስብ፣ የቀረው አብዛኛው ውሃ ሲሆን ዘይት ግን ሁለመናው ስብ ነው። ለ100 ግራም ቅቤ 80 ግራም ዘይት ይበቃል፤ እኩል የገባበት ኬክ የተቀመጠበትን ወረቀት ያረጥባል።

መስተንግዶው ያስመሰግናል። በማንኪያ ልክ ትንሽ ትንሽ ይሸጣሉ፤ ረመዳን ሲደርስ አልኮል የሌለበትን የቫኔላ ዱቄት ለይተው ያስቀምጣሉ፤ አርብ በጁምዓ ሰዓት እንደሚዘጉም በሩ ላይ ጽፈዋል። የማይወደደው ቤኪንግ ፓውደሩን ከትልቅ ዕቃ እየቀነሱ ቀን በሌለው ፌስታል ቋጥረው መሸጣቸው ነው፤ እርጥበት የገባበት ቤኪንግ ፓውደር ኃይሉ አልቆ ይጠብቃልና። ግማሽ የሻይ ማንኪያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት ወዲያው ካልፈላ መመለስ ነው፤ ባለቤቷም ሳያጉረመርሙ ይቀይራሉ። እኔ ሶዳውን፣ ቫኔላውንና ተልባውን ከዚህ መግዛቴን እቀጥላለሁ፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን ፋብሪካ ያሸገው ሲመጣ ብቻ።