የካያኬን ክዳን ለሰሩልኝ ጎሚስታ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ባህርዳሮች እንዴት ናችሁ። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው፣ ከረዘመባችሁ ይቅርታ፣ ግን ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

አንዳንዶቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ጣና ላይ በብርቱካናማ የፕላስቲክ ካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ ናት) ደብረ ማርያም ማዶ አሳ የማጠምደው ልጅ ነኝ። እዚህ ይሰራ የነበረ ፈረንጅ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ነው የሸጠልኝ። ከላይዋ እቀመጣለሁ፣ ከፊት ለፊቴ ትልቅ ክዳን አላት፣ ክዳኑ ሲከፈት በቀጥታ ሆዷ ውስጥ ይገባል፣ ምሳዬም ስልኬም ጃኬቴም የያዝኩት አሳም እዛው ነው የሚቀመጠው። ያ ክዳን ነው ዓመት ሙሉ መከራዬን ያሳየኝ።

መከራ ስል አጋነነ እንዳትሉ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በታንኳ አሳ እያወጣ ነው ያሳደገን። የደንገል ታንኳ ውሃ ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፣ ግን ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ዝም ብላ አትሰምጥም፣ አባቴ ከውሃ እንደወጣ ያቆማትና ፀሐይ ላይ ያደርቃታል፣ ስታረጅ ሌላ ይሰራል፣ አለቀ። የኔዋ ግን ሆዷ ባዶ ነው፣ የሚያንሳፍፋት ውስጧ ያለው አየር ነው፣ አየሩ ወጥቶ ውሃ ከገባ ሰው መሸከም አትችልም። ይሄን በደንብ የገባኝ ሁዳዴ ላይ ነው።

የጾም ሰዓት አሳ እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ፣ እኔም ትንሽ ልቆይ ብዬ እስከ ሰባት ሰዓት ቆየሁ። ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል። ሰው ጥልቅ አይደለም እያለ ይንቀዋል፣ እውነት ነው ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ውሃ ነው፣ ጥልቅ ስላልሆነ ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው የሚሆነው፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመጣብሃል። እያንዳንዱ በክዳኑ ላይ ያልፋል። መጀመሪያ ከበደችኝ፣ ደክሞኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በኋላ ወደ ቀኝ ዘንበል ስል ከሆዷ ውስጥ ሻሻሻ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ውሃው አብሮኝ ወደ ቀኝ ሮጠ፣ ወደ ግራ ስመልሳት ወደ ግራ ሮጠ። እንደዛ ፈርቼ አላውቅም። ላይፍ ጃኬት ባላደርግ ኖሮ ዛሬ ይሄን የምጽፍ አይመስለኝም። ታንኳ ላይ የነበሩ ሁለት ወንድሞች በገመድ አስረው ጎትተው አወጡኝ፣ እነሱንም እግዜር ይስጣቸው፣ ዳር ላይ ስንገለብጣት ከሁለት ጀሪካን በላይ ውሃ ፈሰሰ። ስልኬም እዛው ቀረ። ባለቤቴ ይቺን ካያክ ሽጣት ብላ አለቀሰች።

ከዛ በኋላ ያየሁትን ደግሞ ስሙኝ። ስም አልጠራም፣ የማንንም እንጀራ መዝጋት አልፈልግም፣ ግን ተቃጥያለሁ። የመጀመሪያው ቦታ የሽንት ቤት ሲልከን ዙሪያውን ቀብቶ 1,200 ብር ተቀበለኝ፣ «ይሄ ድንጋይ ነው የሚሆነው» አለኝ፣ በሁለተኛው ቀን በጣቴ ስይዘው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላጠ። ሁለተኛው የሶፋ ስፖንጅ በኮላ ለጠፈልኝ፣ ስፖንጅ እኮ ውሃ ይጠጣል! ውሃውን ይዞ ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ያንጠባጥባል። ሶስተኛው ቦታ ከጠዋት እስከ ማታ አስቀምጠውኝ ክዳኑን በብሎን እናጥብቀው ብለው ስድስት ቦታ በሱት፣ አንዱ ጋ ተሰነጠቀ፣ ስናገር «ዕቃህ ራሱ አይረባም» አሉኝ። በራሳቸው እጅ ሰንጥቀውት! ገንዘቡ አይደለም የሚያበሳጨው፣ እኔ እዛ ላይ ተቀምጬ ውሃ ላይ እንደምወጣ እያወቁ እንደዛ መስራታቸው ነው።

በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው «ወደ ሽምብጥ ስትሄድ አንድ ጎሚስታ ሽማግሌ አሉ፣ ከሳቸው እጅ ውሃም አየርም አያመልጥም» ያለኝ። የባጃጅና የሞተር ጎማ የሚለጥፉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እንደው ተስፋ ቆርጬ ነው የሄድኩት።

ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ክዳኑን ከፍተው ዘግተው፣ ከፍተው ዘግተው፣ አፉን ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዛ ልጅ ልከው ከሱቅ ጠመኔ አስመጡ። ነጭ ጠመኔ! የጀልባዋን አፍ ዙሪያውን በጠመኔው ቀቡት፣ ክዳኑን ቀስ አድርገው ገጠሙ፣ በመዳፋቸው አንዴ ተጫኑት፣ አነሱትና ገልብጠው አሳዩኝ። የክዳኑ ጎማ ላይ ነጭ መስመር ዙሪያውን ታትሟል፣ አንድ ቦታ ላይ ግን አራት ጣት የሚያህል ምንም የለም፣ ጥቁር ነው። «አየህ ልጄ፣ ሌላው ጋ ስሟል፣ እዚህ ጋ ኮርፏል። ውሃው የሚገባው በዚህ ነው።» ሶስት ቦታ ሄጄ የት እንደሚያስገባ የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚቀባው። እሳቸው በአንድ ጠመኔ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ከዛ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ አልገባኝም፣ እውነቱን ልናገር። አፉ ፀሐይ ላይ ታስሮ ሲውል ጎብጧል አሉ፣ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ እያፈሰሱ በጣውላ ይዘው አቀኑት። የተበሱትን ስድስቱንም ቀዳዳ ደፈኑ፣ ስንጥቁንም በምን እንደሆነ እንጃ አሰሩት። ሲልከኑን ሁሉ ፋቁት፣ ይሄ ዓይነት ፕላስቲክ ሲልከን አይዝም አሉኝ። አሮጌው ጎማ ደርቆ ስለነበር ጥለው ጎማም ስፖንጅም የሚመስል ጥቁር ነገር አመጡ። እኔ ስፖንጅ የሚል ቃል ስሰማ ፊቴ ሳይለወጥ አልቀረም፣ አይተውኝ ቁራሽ ቆርጠው ጎማ የሚፈትሹበት ገንዳ ውስጥ ደፈቁት፣ እየጨመቁ ትንሽ አቆዩት፣ አውጥተው በምላጭ ለሁለት ሰንጥቀው ውስጡን አስነኩኝ። ደረቅ ነበር። ብናኝ ውሃ የለውም።

በማግስቱ ልወስዳት ስሄድ ያየሁትን ነው መቼም የማልረሳው። ካያኳ አጠገብ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ባዶ ሃይላንድ አለ። ጋሼ ከየሱቁ ለቅመው፣ እያንዳንዱን ክዳን በእጃቸው አጥብቀው፣ ሞልተው አስቀምጠውልኛል። «ልጄ፣ ክዳን የሰው ስራ ነው፣ አንድ ቀን ሊያስገባ ይችላል። እነዚህን ሆዷ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገህ ሙላ፣ ውሃ ቢገባም ቦታ አያገኝም፣ አትሰምጥም። ቤትህ የሚጠብቅህ ሰው አለ።» እኔ እኮ ሃይላንድ አልጠየቅኳቸውም። እንባዬ መጣ። አባቴ ታንኳዋን ሲያደርቅ እንደዛ ነበር፣ ሳይናገር።

ብር ላውጣ ስል «አይሆንም» አሉ። «ውስጧ ሶፍት አስቀምጥ፣ ሶስት ቀን ውጣ፣ ሶፍቱ ከደረቀ ና ክፈለኝ፣ ከረጠበ ግን እሷን ይዘህ ና።» ሶስቴ ወጣሁ፣ በሶስተኛው ንፋስ ነበር፣ ማዕበሉ ክዳኑ ላይ ሲፈስ ቁጭ ብዬ አየሁት። ዳር ደርሼ ስከፍት ሶፍቱ እንደታጠፈ ነው፣ ፊቴን ጠረግኩበት። ያስከፈሉኝ 400 ብር ነው። ስጨምር መለሱልኝ፣ በነጋታው ሁለት ቀረሶ አሳ ወሰድኩላቸው፣ እሱን ግን በደስታ ተቀበሉኝ።

ይሄው አራተኛ ወር ሆነኝ፣ ጠብ የለም። ባለቤቴም ሽጣት ማለቷን ትታለች።

ወገን፣ ጀልባ ያላችሁ፣ ሮቶ ክዳኑ የሚያስቸግራችሁ፣ ጎማችሁ ቀን በቀን የሚተነፍስባችሁ፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ሌላ ቦታ ብራችሁን ሳትጨርሱ ሂዱ። ስልካቸውን እዚህ ለመጻፍ አልፈቀዱልኝም፣ ኢንቦክስ አድርጉኝ ቦታውን በደንብ አሳያችኋለሁ። ካያክ ያላችሁ ደግሞ ያሉኝን ልንገራችሁ፣ ቤት ስታስቀምጧት ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትሰሩት፣ ጎማው ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ላላ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አኑሯት።

እና ስትሄዱ ጀልባዋን ራሷን በጋሪም ቢሆን ጭናችሁ ውሰዱ። እኔ መጀመሪያ ቀን ክዳኑን ብቻ በባጃጅ ይዤ ሄጄ «የሚገጥምበት አፍ ሳይኖር ምኑን ልየው» ብለው መልሰውኛል።