የግማሽ ቀን ጎጁ-ሪዩ በናሃ፦ ማሰሮው ጥሩ፣ ታሪኩ ጥድፊያ

የጃፓኗ ደሴት ኦኪናዋ ድረስ ተጉዞ ካራቴን በተወለደበት ምድር መቅመስ ለሚሻ ሰው፣ በናሃ ከተማ አንዳንድ ትንንሽ ዶጆዎች (የካራቴ ማሠልጠኛዎች) ለጎብኚዎች የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጣሉ። እኔ የገባሁት ጎጁ-ሪዩ የተባለው የካራቴ ስልት ወደሚሰጥበት ነው።

ቡጢና እርግጫ ስንጠብቅ፣ በዕድሜ የገፉት አሠልጣኝ በቅድሚያ አሸዋ የተሞሉ ሁለት የሸክላ ማሰሮዎች አቀረቡልን፤ አፋቸውን ከላይ በጣቶቻችን ጫፍ ብቻ ጨብጠን ወለሉን በዝግታ እንድንመላለስበት አዘዙን። በሦስተኛው ምልልስ አውራ ጣቴ ከዳኝ። ቀጥሎ የመጣው ሳንቺን የተባለው ካታ (አስቀድሞ የተወሰነ የእንቅስቃሴዎች ቅደም ተከተል) ሲሆን፣ ከሆድ እየተነፈስን ጥቂት እርምጃ ስንሄድ እሳቸው ትከሻችንንና ጭናችንን በመዳፋቸው እየመቱ ጥንካሬያችንን ይፈትሹ ነበር። ለከፈልኩት ገንዘብ ይህ ክፍል ብቻውን ይበቃኛል።

ቅር ያሰኘኝ ለታሪኩ የተሰጠው አሥር ደቂቃ ነው። ሂጋኦና ካንሪዮ (እ.ኤ.አ. 1853–1915) ቻይና፣ ፉጆ ከተማ ተምረው መመለሳቸውና በናሃ ያስተማሯቸው ሚያጊ ቾጁን ስልቱን መመሥረታቸው ተነገረን። ይሁንና ስሙ እንዴት እንደ ወጣ አልተነሣም፤ በእኔ አስተያየት ደግሞ የታሪኩ ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የሚያጊ ደቀ መዝሙር ሺንዛቶ ጂንአን ቶኪዮ ላይ ትርኢት አሳይቶ የስልቱን ስም ሲጠየቅ፣ እስከዚያ ድረስ የወጣለት ስም ስላልነበረ መልስ ያጣል፤ ይህን የሰሙት መምህሩም ቡቢሺ ከተባለው ጥንታዊ የቻይና ጽሑፍ «ጎ» (ጠንካራ) እና «ጁ» (ለስላሳ) የሚሉትን ቃላት ወሰዱ። ሺንዛቶ እ.ኤ.አ. በ1945 በኦኪናዋው ጦርነት ሞተ። ስለ እሱ ብጠይቅ አስተርጓሚው ጨዋታውን ወደ ቲሸርት ሽያጭ አዞረው።

ሚያጊ እ.ኤ.አ. በ1953 አረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸው ሚያዛቶ ኤይኢቺ ጁንዶካን፣ ያጊ ሜይቶኩ ደግሞ ሜይቡካን የተባሉ ዶጆዎችን ስላቋቋሙ፣ ዛሬ አንዱ ዶጆ የሚያስተምረው ካታ ከሌላው በጥቃቅን ነገር ይለያል። ከመመዝገባችሁ በፊት ዶጆው ከየትኛው መምህር መስመር እንደሚወርድ ጠይቁ። ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ቶሚጉሱኩ ከተማ ላይ የተከፈተው የኦኪናዋ ካራቴ አዳራሽ ሙዚየም አለው። ሥልጠናው በባዶ እግር ስለሆነ የእግራችሁን ጥፍር ቆርጣችሁ ሂዱ።