የኦርተን ኮን፦ ዲጂታል ምድጃ ላለውም ያስፈልጋል

የምድጃው መቆጣጠሪያ 1222 ዲግሪ ሴልሺየስ ስላሳየ ብቻ ግሌዙ (ሸክላውን የሚሸፍነው መስታወት መሰል ቅብ) በስሏል ማለት አይደለም። ቴርሞካፕሉ፣ ማለትም የምድጃው የሙቀት መለኪያ ዘንግ፣ የሚለካው ጫፉ ያለበትን ቦታ ነው፤ እያረጀ ሲሄድም ንባቡ ይዛባል። ሸክላን የሚያበስለው ደግሞ ሙቀቱ ከነቆይታው ነው። ኦሃዮ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1896 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረው የኦርተን ኮን የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ኮን ምድጃ ውስጥ ቆሞ ሙቀቱ ሲበቃው ለስልሶ የሚጎነበስ ትንሽ ሾጣጣ ሲሆን፣ ቁጥሩ የትኛው ሙቀት ላይ እንደሚጎነበስ ይለያል። ኮን 6 በመጨረሻዎቹ 100 ዲግሪዎች ሙቀቱ በሰዓት 60 ዲግሪ ከጨመረ 1222 ላይ ይጎነበሳል፤ በሰዓት 150 ከጨመረ ግን እስከ 1243 ይቆማል። ጫፍ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ማቆየት ብቻውን የሚቀጥለውን ኮን ሊያጎነብስ ይችላል።

ሲገዙ ዜሮዋን ሁለት ጊዜ ይዩ። ከፊቱ ዜሮ ያለው ቁጥር ሲተልቅ ሙቀቱ ይቀንሳል፦ 06 ወደ 998፣ 04 ወደ 1063 ዲግሪ ነው። ኮን 4 ግን 1160 ገደማ ነው፤ ለ04 የተዘጋጀ ሸክላ እዚያ ከደረሰ ያብጣል፣ ቅርጹን ያጣል፣ መደርደሪያው ላይም ይጣበቃል።

ለመጀመሪያው ተኩስ (በምድጃ ማብሰል)፣ ግሌዝ ከመቀባቱ በፊት ለሚደረገው ቢስክ፣ 04ን እንመርጣለን። ከዚያ ብዙ ዝቅ ካለ ሸክላው ግሌዙን ከልክ በላይ ይመጥጣል፤ ከጭቃው ያልወጣው ጋዝም በሁለተኛው ተኩስ ግሌዙን ይበሳሳዋል። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ግሌዙ አይይዝም። ኮኑ የማይነግርዎ ነገር አለ፦ መንገዱን። ከ100 ዲግሪ በታች በደንብ ያልደረቀ ዕቃ በእንፋሎት ይፈነዳል፤ 573 ላይ በጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ድንገት ስለሚሰፋ መጣደፍ ይሰነጥቃል፤ ከ700 እስከ 900 ባለው አየር ካላገኘ ብረት የበዛበት ቀይ ጭቃ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ኮኑ በትክክል ተጎንብሶም ይህ ሁሉ ሊደርስ ይችላል።

ከዓይነቶቹ በራሱ የሚቆመውን ይግዙ። ትልቁ ኮን በዋጋ ይቀላል፤ ነገር ግን በ8 ዲግሪ አዘንብሎ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከመትከያው ወጥቶ መቆም አለበት። ማዘንበሉ ሲሳሳት ንባቡም ይሳሳታል። በጋዝ ምድጃ አየር አሳጥቶ የሚተኩስ ሰው ከ010 እስከ 3 ባሉት ቁጥሮች ብረት የሌለበትን ዓይነት ይጠይቅ፤ መደበኛዎቹ ብረት ስላለባቸው በዚያ ጭስ ውስጥ አይታመኑም።

ለኮን 6 ግሌዝ 5፣ 6 እና 7ን ጎን ለጎን ከመመልከቻው ቀዳዳ ትይዩ ያቁሙ፤ ከማሞቂያ ሽቦውና ከዕቃው ያርቋቸው። በየመደርደሪያው ደግሞ አንድ አንድ 6 ይጨምሩ፤ የላይኛውና የታችኛው ልዩነት ብዙዎችን ያስደነግጣል። የ6 ጫፍ ከመሠረቱ ጋር ሲስተካከል ተኩሱ ደርሷል፤ 7ም ከተጋደመ አልፏል፣ ግሌዙም ወርዶ ከመደርደሪያው ጋር ሊጣበቅ ይችላል። በቀዳዳው ሲመለከቱ ጥቁር መከላከያ መነጽር ያድርጉ።

አንድ ኮን ለአንድ ተኩስ ብቻ ነው፤ ቆሞ የቀረውም ቢሆን ተመልሶ አይገባም። በማገዶና በኩበት ሜዳ ላይ ለሚተኮስ ጀበና ግን አይግዙት፤ እሳቱ ፈጣንና ያልተስተካከለ ስለሆነ ንባቡ ትርጉም አይሰጥም።