«ኪንግደም»፦ ረኃብና ዙፋን የተገናኙበት የኮሪያ ድራማ

የኮሪያ ታሪካዊ ድራማ ሲጠየቁ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች አስቀድመው የሚሰጡት ልዑሉ ከድኻ ልጅ ጋር የሚፋቀርበትን ዓይነት ነው። «ኪንግደም» ከዚህ ወገን አይደለም። በኔትፍሊክስ የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2019፣ ሁለተኛው በመጋቢት 2020 የቀረበው ይህ ሥራ በየምዕራፉ ስድስት ክፍሎች ብቻ አሉት። ሙታን ተነሥተው ሕያዋንን የሚያሳድዱበት የምናብ ታሪክ ቢሆንም፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ረኃብ ከምሩ የሚናገር ድራማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. ከ1392 እስከ 1897 ኮሪያን በገዛው በጆሶን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ1592 እስከ 1598 የዘለቀው የጃፓን ወረራ አገሪቱን አራቁቶ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ንጉሡ ፈንጣጣ ይዞታል ተብሎ ከእልፍኙ አይወጣም፤ አልጋ ወራሹ ሊ ቻንግ እንኳ አባቱን እንዳያይ ተከልክሏል። ሊ ቻንግ ከዕቁባት የተወለደ ስለሆነ፣ ወጣቷ ንግሥት ወንድ ልጅ ከወለደች አልጋው ከእጁ ይወጣል። ስለዚህ የንግሥቲቱ አባት፣ ኃያሉ ሹም ቾ ሃክ-ጁ፣ ልጁ እስኪወለድ ድረስ ንጉሡ በሕይወት ያለ መምሰል አለበት ብሎ ቆርጧል። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤተ መንግሥቱ ሞታቸውን ሰውሮ ማቆየቱን ለሚያውቅ ተመልካች ይህ እንግዳ አይሆንበትም። የጆሶኑ ሹም ግን ሞቱን መሰወር ብቻ አልበቃውም፤ በአንድ ዕፅ ኃይል ሬሳውን ያስነሣዋል።

የድራማው ጉልበት ያለው ከዚህ ቀጥሎ በሚመጣው ነገር ላይ ነው። በተነሣው ንጉሥ ተነክሶ የሞተ የሐኪም ረዳት ሬሳው በደቡብ ወደሚገኘው ዶንግኔ፣ ሕመምተኞች ወደሚታከሙበት ቤት ይወሰዳል። በዚያ ያሉት ሰዎች የሚበሉት አጥተው የሚጠባበቁት ሞታቸውን ነው። ዮንግ-ሺን የተባለው ሰው የሬሳውን ሥጋ ቀቅሎ የአጋዘን ሥጋ ነው ብሎ ያበላቸዋል፤ መቅሠፍቱም የሚዛመተው ከዚያ ድስት ነው። ደራሲዋ ኪም ኡን-ሂ የበሽታውን መነሻ ከእርግማን ወይም ከጠንቋይ ሳይሆን ከሹማምንት ውሸትና ከሕዝብ ረኃብ ማድረጓ፣ ሥራዋን ከተለመደው የዞምቢ ፊልም በብዙ ከፍ ያደርገዋል። ጎጃም ሆኖ ይህን ክፍል ማየት ከበድ ይላል። በ1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጦር አገሩን ካራቆተ በኋላ የከብት እልቂቱና ክፉ ቀን እንዴት እንደተከታተሉ ሲወርድ ሲዋረድ የሰማ ሰው፣ ጦር ያለፈበት ገበሬ ጎተራ ምን እንደሚመስል የሚያስረዳው አያሻውም።

ከዚያ የማይተናነሰው ሬሳዎቹ ይቃጠሉ የተባለበት ትዕይንት ነው። ባላባቶቹ የድኻው ሬሳ ቢቃጠል ግድ የላቸውም፤ የራሳቸው ወገን አካል ግን ያለ ክብር እንዲጠፋ አይፈቅዱም። አንዲት እናት የልጇን ሬሳ ደብቃ መርከብ ላይ ትጭናለች፤ ሹማምንቱም ሕዝቡን ጥለው በዚያው መርከብ ይሸሻሉ። ያለ ፍትሐት የተቀበረ ዘመድ የዕድሜ ልክ ቁጭት በሚሆንበት አገር ያደግን ሰዎች፣ ያችን እናት ሞኝ ናት ብለን ለማለፍ ይከብደናል። ዳይሬክተሩ ኪም ሶንግ-ሁንም አልፈረደባትም።

ሙታኑ የሚመሩበት ሕግ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። መቼ እንደሚነሡ፣ መቼ እንደሚተኙ ገጸ ባሕርያቱ ያውቁታል፤ ወይም የሚያውቁት ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ይህን እውቀት እንዴት እንደሚገለብጠው አልናገርም፤ ከጮቄ ግርጌ ያደገ፣ ውርጭን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ግን ከአልጋ ወራሹ ቀድሞ ሳይጠረጥር አይቀርም። ምሥጢሩን የምትፈልገው ሶ-ቢ የተባለችው የሕክምና ባለሙያ ስትሆን፣ ቤ ዱ-ና ይህችን ሴት ያለ ጩኸትና ያለ ብዙ እንባ፣ በምታየው ነገር ብቻ እንድንከተላት አድርጋ ተጫውታታለች። ርዩ ሱንግ-ርዮንግ በቾ ሃክ-ጁ ሚና ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር የበለጠ ያስፈራል። አልጋ ወራሹን የሚጫወተው ጁ ጂ-ሁን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ደረቅ ይላል፤ የሕዝቡን ችግር በዓይኑ ካየ በኋላ ግን ሚናውን ይይዘዋል። ስለ አልባሳቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጋት የሚባለውን ጥቁር ባርኔጣ ብቻ ለማየት የሚቀመጥ ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያውን ያህል አልረካሁበትም። ብዙ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታል፤ ልናዝንለት የሚገባው ሰው ሬሳው ሳይበርድ ቀጣዩ ውጊያ ይጀመራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ለአንድ ድስት ሾርባ ጊዜ የሰጠ ድራማ እዚህ ለአንድ ታማኝ ወዳጅ ሞት ሲሳሳ ማየት ያናድዳል። የንግሥቲቱ ተንኮል ግን፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮቹን በሚመለከት፣ ከሙታኑ ሁሉ ይበልጥ የሚዘገንን ነው፤ መደምደሚያውም በዙፋኑ ጉዳይ ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ያልጠበቅሁት ነበር።

ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ምዕራፎች በተራ ጨርሶ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የወጣውንና ጁን ጂ-ህዩን የተጫወተችበትን ልዩ ክፍል መጨረሻ ላይ ቢያየው ይሻላል፤ የዕፁን አመጣጥ የሚተርከው እርሱ ነውና። አንድ ሰው ሁሉንም ገጸ ባሕርይ በራሱ ድምፅ የሚተርክበትን ትርጉም ፊልም ግን አልመክርም፤ የቾ ሃክ-ጁን ዝምታ በወሬ ይሞላዋል። ድራማው ደም የበዛበት ስለሆነ ልጆች ከተኙ በኋላ ይታይ።