እትዬ፣ ድፎ ዳቦው እና 23 ሚሊሜትሩ

«ይሄ ፊት ነው ድፎ ዳቦ?»

እትዬ ናቸው፤ ትልቋ አክስቴ። ስልኬን ተቀብለው በሁለት ጣት አስፍተው አዩና መለሱልኝ። ምሳ እስኪቀርብ ድረስ አላናገሩኝም።

እውነታቸውን ነው። የጥምቀት ማግስት አጎቴ ቤት 24 ሰው ሳሎን ውስጥ አጭቄ ያነሳሁት ፎቶ ነው። እትዬ ግራ ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ወደ ጎን ተለጥጧል፤ ትከሻቸው በበሩ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። እሳቸው ደግሞ መቃ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጾመው ያላመጡትን ጉንጭ በአንድ ቀን ሰጠኋቸው።

ያነሳሁት በፉጂፊልም ጂኤፍ 23 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ሌንስ ነው፤ በጣም ሰፊ የሚያይ ሌንስ። ካሜራዬ ጂኤፍኤክስ 50አር ነው፤ ከሌንሱ ጋር 1.6 ኪሎ ይሆናል። ኅዳር ላይ ገዛሁት፤ ይኸው 11 ወር። እንጀራዬ ለአርክቴክቶች ያለቀ ሕንፃ ማንሳት ነው፤ እዚያ ላይ እንከን አይወጣለትም። አለፈ።

ነገሬ ከሻጩ ጋር ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሰውየው ሲያሻሽጠኝ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሚዲየም ፎርማት ነው! እንደ ትንንሾቹ ካሜራ ጠርዝ ላይ ሰው አይለጥጥም» አለኝ። አመንኩት። ሕንፃ እያነሳሁ ሁለት ወር ስለኖርኩ የሚያፋጥጠኝ ነገርም አልገጠመኝም። አሁን ባገኘው ግን የምለው አለኝ። ሚዲየም ፎርማት ማለት ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ትልቅ ነው ማለት ነው። የኔው 43.8 በ32.9 ሚሊሜትር ነው፤ ፉል ፍሬም ከሚባለው ከተለመደው የባለሙያ ካሜራ ሴንሰር በቆዳ ስፋት 1.7 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እሱ ልክ ነው። ግን ይሄ 23 ሚሊሜትር እዚህ ሴንሰር ላይ የሚያየው፣ ፉል ፍሬም ላይ 18 ሚሊሜትር የሚያየውን ያህል ነው። ከጥግ እስከ ጥግ 100 ዲግሪ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ልጠጣውን የሚያመጣው ይሄ ስፋት ነው። ሴንሰሩ ቢተልቅ ባይተልቅ ለእትዬ ጉንጭ ምንም አይፈይድም።

የዚያን ቀን ማታ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ከእትዬ ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የአያታችን ፎቶ በፍሬም ተሰቅሏል። ከጎኑ የግድግዳ ሰዓት አለ። ሰዓቱ ክብ ነው። አያታችንም ምንም አልሆኑም፤ ጺማቸው ሳይቀር እንደነበረ ነው። አንድ ጠርዝ ላይ አባት ልክ፣ ልጅ ድፎ! ሌንሱ የተበላሸ ቢሆን ሁለቱንም ያበላሽ ነበር።

ወጥ ቤት ገብቼ ሁለት ብርቱካን አመጣሁ። አንዱን መሀል፣ አንዱን ጠርዝ አድርጌ አነሳሁና ስክሪኑ ላይ በማስመሪያ ለካሁ። የመሀሉ ክብ ነው። የጠርዙ ቁመቱ 5፣ ወርዱ 6.8 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ሒሳቡም አይዋሽም፤ የፎቶው ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ያለ ድቡልቡል ነገር በ38 ከመቶ ያህል ይሰፋል። ጠበብ አድርጎ በሚያየው በ45 ሚሊሜትሩ ሌንስ ቢሆን 11 ከመቶ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኳስ መሬት ላይ ጥላው እንዴት እንደሚረዝም አይታችኋል? ያው ነው። ብርሃኑ ጠርዝ ላይ ጋደል ብሎ ስለሚያርፍ ድቡልቡሉ ነገር ይረዝማል። እንደ ሰዓቱና እንደ አያታችን ፎቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ካሜራውን ፊት ለፊት የሚያይ ነገር ግን አይነካም። ቀጥ ያለ መስመር ቀጥ ብሎ እንዲወጣ የምንከፍለው ዋጋ ነው፤ ሌንሱን ማንም ይሥራው ማን። ዓምዴ ሳይጎብጥ ይውጣ ካልኩ የእትዬን ጉንጭ መቻል አለብኝ።

ሻጩ አሁን ምን እንደሚለኝ ይታየኛል። «ጠርዝ ላይ ሰው አታቁም፤ 50 ሜጋፒክስል አለህ፣ ቆርጠህ ጣል።» እሺ ጌታዬ። ጀርባዬ ቡፌው ላይ ተለጥፏል፣ ፊቴ 24 ዘመድ ቆሟል። ማንን ልቁረጥ? የአጎቴን ሚስት? ደግሞ የምቆርጠው ከሆነ ጠበብ የሚያየውን 30 ሚሊሜትሩን ሌንስ እገዛ ነበራ። 510 ግራም ነው፤ ይሄ 845። ትከሻዬም ያርፍ ነበር።

ያስተካክላል የተባለ ሶፍትዌርም ሞክሬያለሁ። እትዬ ከሱ። ሰዓቱ ግን እንቁላል ሆነ፣ አያታችን ጠበቡ፣ የበሩ መቃን ጎበጠ። መለስኩት። የካቲት ላይ ተስፋ ቆርጬ የሽያጭ ማስታወቂያ ሁሉ ጽፌ ነበር። «ለሕንፃ ብቻ» የሚል ጨምሬበት ሳልለጥፈው ቀረሁ።

ለካ ከአሜሪካ መጥታ የነበረችው የአጎቴ ልጅ ፋይሉን ወስዳ ሳትመለስ በፊት አሳትማዋለች፤ 1 ሜትር በ75። አታድርጊው ብያት ነበር። «ሁላችንም ያለንበት ሌላ ፎቶ አለህ?» አለችኝ። የለኝም። አጎቴ ቤት ወደ መኝታ ክፍሎቹ የሚያስገባው ኮሪደር ላይ ሰቀሉት። በጣም ጠባብ ኮሪደር ነው፤ ልማቱ አልደረሰውም።

እንቁጣጣሽ ዕለት እትዬ ወደዚያ ሲያልፉ አየሁና ወደ በረንዳው ሾለክ ልል ስል ጠሩኝ።

«ና እስቲ አንተ።»

ሄድኩ። ፎቶው መሀል ፊት ለፊት፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆመዋል። አንገታቸውን ወደ ግራ ዘወር አድርገው ራሳቸውን ያያሉ።

«አስተካከልከው አይደል? አሁን እኔን መሰልኩ።»

ምንም አልነካሁትም። ቦታቸውን ለቀቁልኝና ቆምኩበት። ወደ ግራ ሳይ እትዬ እትዬን መስለዋል፤ ያ የማውቀው ቀጭን ፊት። ነጠላቸው ጥለቱ ክር በክር ይታያል።

ቤት ገብቼ አሰላሁት። የሴንሰሩ 43.8 ሚሊሜትር 1 ሜትር ሲሆን 22.8 ጊዜ አድጓል ማለት ነው። 23 ሚሊሜትሩንም በዚያው ስናበዛው 52 ሴንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። ከዚያ ርቀት ላይ፣ ከመሀል፣ ዓይናችን ፎቶውን ሌንሱ ሳሎኑን ባየበት ማዕዘን ያየዋል። ጠርዙን በጎን ስለምናየው የተለጠጠው ተመልሶ ይጠባል። ሚዲየም ፎርማቱ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው፤ ሻጩ ባለው ቦታ ሳይሆን። ፋይሉ 8256 ፒክስል ወርድ አለው። በአንድ ሜትር ወረቀት ላይ በሴንቲ ሜትር 82 ይደርሰዋል፤ ግማሽ ሜትር ቀርበው ቢያዩትም አይበተንም። ስልኬ ላይ ግን ፎቶው 14 ሴንቲ ሜትር ነው። ልክ እንዲሆን ከ8 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት መታየት አለበት፤ አፍንጫ ይነካል። እትዬ በጥምቀት ከዚያ የባሰ ሊቆጡ ይችሉ ነበር።

ማስታወቂያውን አጠፋሁት። አልሸጠውም። ሻጩ ይሄን ቢነግረኝ ኖሮ ሳልከራከር እከፍለው ነበር።

አሁን ያለብኝ ችግር ሌላ ነው። እትዬ ለሳሎናቸው አንድ አሳትምልኝ ብለዋል። ሳሎናቸው ሰፊ ነው፤ ሶፋው ከግድግዳው 4 ሜትር ይርቃል። ከዚያ ተቀምጠው ራሳቸውን ልክ ሆነው እንዲያዩ ፎቶው 7.6 ሜትር ወርድ ያስፈልገዋል። ግድግዳው 5 ሜትር አይሞላም። ትናንት ማታ ደወሉ፤ «መቼ ነው የምታመጣው?»

ማተሚያ ቤቱ ሥራ በዝቶበታል አልኳቸው።