ጄኤስ-ኩኪ፣ ዩኒቨርሳል-ኩኪ፣ ኩኪ-ፓርሰር ወይስ ታፍ-ኩኪ? የቱ ይሻላችኋል?

የኩኪ (ሳይት ብራውዘር ውስጥ የሚያስቀምጠው አጭር መረጃ) ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚጫን ኮድ) ልትመርጡ ከሆነ ዋጋ አታነጻጽሩ፤ አራቱም ነጻ ናቸው። መጀመሪያ ኩኪውን ማን እንደሚያነበው ለዩ። ገጹ ላይ ያለው ጃቫስክሪፕት ነው? ሰርቨሩ ነው? ወይስ ሌላ ሳይት ውስጥ ገብቶ መረጃ የሚያመጣላችሁ የራሳችሁ ፕሮግራም? ይህን ሳይለዩ ብዙ ሰው ያወረደውን ጭኖ መቀጠል የተለመደ ነው። መዘዙ በኋላ ነው የሚመጣው።

አራት ኪሎ ያለ መጽሐፍ ቤት ኦንላይን መሸጥ ጀመረ እንበል። ገዢው ገጹን በአማርኛ ይይ ወይስ በአፋን ኦሮሞ የሚለውን ለማስታወስ ጄኤስ-ኩኪ ይበቃል። ተጨምቆ ሲላክ አንድ ኪሎባይት እንኳ አይሞላም፣ ሌላ ላይብረሪም ጎትቶ አያመጣም፤ ጥቅል ገዝቶ በስልኩ ለሚገባ ደንበኛ ደግሞ ገጹ በቀለለ ቁጥር ይሻላል። ሴት (ማስቀመጥ)፣ ጌት (ማንበብ)፣ ሪሙቭ (ማጥፋት)፣ አለቀ። ብቻ ስታስቀምጡ ፓዝ (ኩኪው የሚሠራበትን የሳይቱን ክፍል) ወይም ዶሜይን (የሳይቱን አድራሻ) ከሰጣችሁ ስታጠፉም ያንኑ ስጡ። አለበለዚያ ሪሙቭ ብላችሁም ኩኪው እዛው ይቀመጣል፤ ኤረር እንኳ አይወጣም።

አሁን ብራውዘሮች ራሳቸው ኩኪስቶር የሚባል ኩኪ መጻፊያና ማንበቢያ አላቸው፣ ላይብረሪ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ግን ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ቢይዘውም ሳፋሪና ፋየርፎክስ የያዙት በ2025 ነው። ያረጀ ስልክ የያዘ ደንበኛ ካላችሁ (አላችሁ!) በኩኪስቶር ብቻ አትተማመኑ።

የእኛ ፊደል ጉዳይ ግን በየትኛውም ላይብረሪ አይቀርም። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ጄኤስ-ኩኪም ሆነ ዩኒቨርሳል-ኩኪ ኩኪ ውስጥ ሲያስገቡት እያንዳንዱን ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ስለሚጽፉት አንዱ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል። «ሰላም» ብቻ 27 ይፈጃል። አንድ ኩኪ የሚይዘው 4096 ባይት ገደማ ስለሆነ 450 ፊደል አካባቢ ሲደርስ ሞላ ማለት ነው፤ ካለፈ ብራውዘሩ ዝም ብሎ ይጥለዋል። የተመረጡትን መጻሕፍት ርዕስ በአማርኛ ኩኪ ውስጥ የምትደረድሩ ከሆነ ሳይቱን የሚያበላሽባችሁ ብዙ የሚገዛው ጥሩው ደንበኛ ነው። መለያ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጡ፣ ርዕሱ ዳታቤዝ ውስጥ አለ። በዚያ ላይ ሳፋሪ በጃቫስክሪፕት የተጻፈን ኩኪ ከ7 ቀን በላይ አያቆይም፣ እናንተ 365 ብትሉትም።

ዩኒቨርሳል-ኩኪ የሚጠቅመው ገጹ መጀመሪያ ሰርቨር ላይ ተሠርቶ የሚመጣ ከሆነ ነው። እዛ ጄኤስ-ኩኪ ምንም አያነብም፣ ይሄኛው ግን በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ ሪአክት ለሚባለው የገጽ መሥሪያም ሪአክት-ኩኪ የሚባል ወንድም አለው። ኔክስት (በሪአክት ላይ የተሠራ የሳይት መሥሪያ) ላይ ከሆናችሁ ግን የራሱ የኩኪ መሣሪያ ስላለው ተጨማሪ አትጫኑ።

ሎግ ኢን ላይ ሁለቱንም አልመርጥም። የመግቢያ ቁልፍ የሚቀመጠው ጃቫስክሪፕት ሊያነበው በማይችል፣ ኤችቲቲፒኦንሊ በሆነ ኩኪ ነው፤ ያንን የሚጽፈው ሰርቨሩ ብቻ ነው። ኤክስፕረስ (በጃቫስክሪፕት ሰርቨር መሥሪያ) ላይ ለማንበብ ኩኪ-ፓርሰር አለ፣ ለመጻፍ የኤክስፕረስ የራሱ ሬስ-ኩኪ። ኩኪው እንዳልተነካካ የሚያሳይ ፊርማ ካለውም ኩኪ-ፓርሰር ያረጋግጥላችኋል፤ ፊርማ ግን መደበቅ አይደለም፣ ይዘቱን ማንም ገልጦ ያነበዋል። ስልክ ቁጥር አታስገቡበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የጥንቃቄ ብቻ አይደለም።

እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። ኤክስፕረስ ላይ ማክስ-ኤጅ (ኩኪው የሚቆይበት ጊዜ) የሚቆጠረው በሚሊሰከንድ ነው፤ ኩኪ በሚባለው ትንሹ ላይብረሪ ደግሞ በሰከንድ። አንድ ሰዓት ሰጠሁ ብሎ ኤክስፕረስ ላይ 3600 የጻፈ ሰው የሰጠው 3.6 ሰከንድ ነው። ደንበኛው ገባ፣ ወጣ።

ማን ሎግ ኢን እንዳደረገ ሰርቨሩ ላይ የሚይዘውን ኤክስፕረስ-ሴሽን ከጨመራችሁም ማስቀመጫውን ቀይሩ። እንደመጣ ከተውት ሁሉንም ሜሞሪ ላይ ነው የሚይዘው። ሰርቨሩ ቢሯችሁ ውስጥ ከሆነ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁሉም ደንበኛ እንደገና ሎግ ኢን ያደርጋል።

ክፍያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ገዢው ወደ ክፍያ ገጽ ሄዶ ከፍሎ ሲመለስ የኩኪያችሁ ሴምሳይት (ከሌላ ሳይት ለሚመጣ ሰው ኩኪው ይላክ አይላክ የሚለው ምርጫ) ስትሪክት፣ ማለትም ጥብቁ፣ ከሆነ ብራውዘሩ አብሮ አይልከውም፣ ስለዚህ ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው ሰው እንግዳ ይሆናል። ላላ ያለውን ላክስ አድርጉት፣ መመለሻውም በጌት (እንደ ተራ ሊንክ) ይሁን፤ በፖስት (እንደ ፎርም) ከተመለሰ ላክስም አያድናችሁም። ይህን ማንኛውም ላይብረሪ አይወስንላችሁም።

ታፍ-ኩኪ ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም። ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው) ላይ የራሳችሁ ፕሮግራም እንደ ብራውዘር ሆኖ ሌላ ሳይት ገብቶ፣ ሎግ ኢን አድርጎ የአከፋፋይ ዋጋ ሲያመጣ፣ የተሰጠውን ኩኪ ይዞ የሚቀጥልለት እሱ ነው፤ ገጽ የሚያመጣው የኖድ ፌች ብቻውን ኩኪ አይዝም። ከ4.1.3 በፊት ያለው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2023 የታወቀ የደኅንነት ቀዳዳ አለበት። ቀጥታ ባትጭኑትም ሌላ ላይብረሪ ይዞት ሊገባ ስለሚችል የቅጂ ቁጥሩን ፈትሹ። ፓይተን የምትጽፉ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ ሪኩዌስትስ የሚባለው ላይብረሪ ሴሽን ያንኑ ይሠራል።